የምድር ጠባቂ፣ የወንድም ጠባቂ



እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት እንደ ነበረ ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል (ዘፍ. 2፥15)። ከሁለት ምዕራፎች በኋላ ደግሞ ቃየል ስለ ወንድሙ ስለ አቤል በተጠየቀ ጊዜ፥ የወንድሙ ጠባቂ መሆኑን ክዶ እንደ መለሰ እናነባለን (ዘፍ. 4፥9)። በዕብራይስጡም ሆነ በአማርኛው በሁለቱም ስፍራ የተነገረው ግስ «መጠበቅ» የሚለው ነው። እንግዲህ ምድርን መጠበቅና ወንድምን መጠበቅ ከአንድ አደራ የሚመነጩ ናቸው፤ አንዱን የጣለ ሌላውንም መጣሉ አይቀርም።

1. የአንድ ሐይቅ ትምህርት

ይህን ለመረዳት ከሀገራችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት ለሐረር ከተማና ለአካባቢዋ ሕዝብ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ኖሮ፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ደናቸው ስለ ተመነጠረ ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ወደ ሐይቁ አስገባ፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ብዙ የውሃ ፓምፖች ተተከሉ፤ የከተሞቹም የውሃ ፍላጎት ከዓመት ወደ ዓመት ጨመረ።

ታዲያ ሐይቁን ያደረቀው ማን ነው? ኮረብታውን ያረሰው ገበሬ ልጆቹን ሊመግብ ነበር፤ ፓምፕ የተከለውም የራሱን ማሳ ሊያጠጣ ነበር፤ ከተሜውም ቧንቧውን የከፈተው ስለ ጠማው ነው። ሐይቁ ይድረቅ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ነገር ግን በብዙ እጆች ደረቀ። ጉዳቱ ደግሞ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ገንዘብ ያለው ጉድጓድ አስቆፍሮ ወይም ውሃ ገዝቶ ይኖራል፤ የሌለው ግን እንስራውን ተሸክሞ ሩቅ መሄድ ግድ ይሆንበታል። በኋለኞቹ ዓመታት ውሃው በሐይቁ ስፍራ እንደ ገና መታየቱ፥ የተጎዳ ፍጥረት ፋታ ካገኘ ሊያገግም እንደሚችል ያሳየናል።

2. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፥ ፍጥረታት አንዱ በሌላው ተደግፎ እንዲኖር የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን ያስተምራል (ቁ. 340)። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የምድር ጩኸትና የድኾች ጩኸት ተለያይተው ሊሰሙ እንደማይገባ አሳስበዋል። መልእክቱ ስሙን ያገኘው የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት፥ በዓይን ሕመም እየተሠቃየ ከደረሰው የምስጋና መዝሙር ነው። በዚያ መዝሙር ፀሐይ ወንድም፥ ውሃ እኅት ተብላ ትጠራለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም ይህን ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1979 የተፈጥሮ አካባቢ ጥበቃ ባልደረባ ቅዱስ አድርገው ሰይመውታል።

ይህ አጠራር ለጆሮ ውበት ብቻ የተነገረ እንዳይመስለን። በእኛ ዘንድ ዝምድና ግዴታን ያስከትላል፤ እኅቱን ያስራበ ሰው በጎረቤት ፊት ያፍራል። ውሃን እኅት ያለ ሰውም ከእርሱ በታች ለሚጠጡት ይጠነቀቃል። ቅዱስ ጳውሎስ አንዱ የአካል ክፍል ሲሠቃይ ሌሎቹም አብረው እንደሚሠቃዩ ሲያስተምር (1ቆሮ. 12፥26)፥ ከላይ ያለው ማሳና ከታች ያለው ምንጭም የአንድ ማኅበር ሕይወት እንደሆኑ እናስተውላለን።

3. ከእኛ የሚጠበቀው

በደሉ የብዙዎች ከሆነ ንስሓውም የብዙዎች መሆን አለበት። አንድ ገበሬ ብቻውን ፓምፑን ቢያቆም የእርሱ ልጆች ይራባሉ እንጂ ሐይቁ አይሞላም። ስለዚህ የሌላውን ኀጢአት ከመቍጠር ይልቅ አብሮ መምከር ይቀድማል። ለዚህም ሕዝባችን ከጥንት የወረሰው መንገድ አለው፤ በደቦ ያርሳል፥ በዕድር ይቀብራል፥ ሐረሮችም በአፎቻ በሐዘንና በደስታ ይረዳዳሉ። ለሞተ ጎረቤት የምንሰበሰብ ሰዎች ለሚደርቅ ምንጭም ብንሰበሰብ፥ እርከኑን በጋራ ብንሠራ፥ ውሃውን በተራ ብንካፈል የሚከለክለን የለም። በቅዳሴም የምናቀርበው ኅብስትና ወይን የምድር ፍሬና የሰው ድካም መሆኑን እናስታውስ። የምናቀርበው ስንዴ የጠጣው ውሃ ከማን ተወስዶ እንደሆነ መጠየቅም የመሥዋዕታችን ክፍል ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) በቁምስናችን ክልል ያለው ውሃ ከየት ይመነጫል? ከእኛ በታችስ ማን ይጠጣዋል?
ለ) በኅሊና ምርመራችን ጊዜ ሳናስበው በጋራ ስለምናደርሰው ጉዳት ራሳችንን እንጠይቃለን?
ሐ) ዕድራችን ወይም ማኅበራችን በዚህ ክረምት ሊጀምረው የሚችል አንድ ሥራ ምንድን ነው?

ምድርንና ወንድማችንን በአንድ አደራ የሰጠን አምላክ፥ ሁለቱንም በታማኝነት እንድንጠብቅ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።