ትንሿ ሪቬትና የአሮጌው መኪና ፍሬን

የዛሬው የቴክኒክ ዓምዳችን ስለ ሪቬት አመታት ነው። እንደሚታወቀው ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም እህል ጭኖ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ዓባይ በረሃን መውረድ ግዴታው ነው። ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ጎዳናዎች ጭነት ያመላለሰው ኤንትሬ፣ ማለትም ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረው የፊያት 682 ዘር፣ እንዲህ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑን ተማምኖ ነበር። የፍሬኑን ሸራ ከጫማው ጋር የሚይዘውስ ምንድን ነው? ጥቂት ሪቬቶች ናቸው!

ሪቬት በቀዳዳ ከገባ በኋላ ጭራው ተቀጥቅጦ ሁለተኛ ራስ የሚያወጣ ለስላሳ ብረት ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቀጥቃጭ የካራ እጀታ ሲያያይዝ በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ይሁንና ሪቬት እንደ ብሎን ተፈትቶ አይጠብቅም። ከተበላሸ ተሰርስሮ ይወጣና በአዲስ ይተካል። ስለዚህ ዋናው ሥራ መዶሻው ከመነሳቱ በፊት ያለው ልኬት ነው።

ልምምዱ በላሜራ ይጀመር። ድፍን ሪቬት ክብ ራስ እንዲያወጣ፣ ከላሜራው በላይ የሚተርፈው ጭራ የሪቬቱ ውፍረት 1.5 እጥፍ ይሁን። ለምሳሌ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ላሜራዎችን በ4 ሚሊ ሜትር ሪቬት ብናያይዝ፦ 2 + 2 + 6 = 10 ሚሊ ሜትር። ጭራው ካጠረ ራስ አይወጣለትም፤ ከረዘመ ይጣመማል። ቀዳዳውም ከጠርዙ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ይራቅ።

የፍሬን ሸራ ሪቬት ግን ጭራው ባዶ ስለሆነ በሾጣጣ መምቻ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ አሮጌውን ሪቬት በፑንታ ሰርስሮ ማውጣት። በመሮ መፈልቀቅ የጫማውን ቀዳዳ ያሰፋል።

2ኛ/ ጫማውን ከዝገት አጽድቶ ስንጥቅና መጣመም እንደሌለው መመርመር።

3ኛ/ ሸራውን አጥብቆ አስሮ ከመሐል ወደ ሁለቱ ጫፎች እያፈራረቁ መምታት። ከጫፍ ከተጀመረ መሐሉ ያብጣል፤ ከሥሩም ክፍተት ይቀራል።

4ኛ/ የሪቬቱን ራስ በሸራው ቀዳዳ ውስጥ አጥልቆ፣ በሞርሳ በታሰረ ዘንግ ከሥር ደግፎ፣ ጭራውን በጫማው በኩል መዘርጋት። ኃይለኛ ምት ሸራውን ይሰነጥቀዋል።

5ኛ/ በመጨረሻ በሸራውና በጫማው መካከል ወረቀት ማስገባት መሞከር። ከገባ ሥራው አልተሠራም ማለት ነው፤ እንደገና ይጀመር።

ሸራው አልቆ ከሪቬቱ ራስ በላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው መለወጥ አለበት። ያለዚያ የሪቬቱ ራስ ታምቡሩን ይቦረቡረዋል፤ ፍሬኑም ይደክማል።

ማስጠንቀቂያ! በአሮጌ መኪና ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ብናኙ ካንሰር ያስከትላል። በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር እፍ አይባልም፤ በውኃ ረጥቦ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። እንዲህ ያለው አሮጌ ሸራ ለተማሪ መለማመጃ አይሰጥም።

ዕጩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ከላይ ያማረውን የሪቬት ራስ አይቶ «ጨረስኩ» ይላል። እናንተ ግን ገልብጡና ሥሩን እዩ። ልምምድ የተሠራበት ጫማም መንገድ ላይ በሚሄድ መኪና አይገጠምም፤ የመኪናው ሥራ የሠለጠነ መካኒክ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄ፦ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ላሜራዎችን በ6 ሚሊ ሜትር ድፍን ሪቬት ለማያያዝ የሪቬቱ ርዝመት ስንት ይሁን? ቀዳዳውስ ከጠርዙ ምን ያህል ይራቅ?