የወርዋሪዋ ጉልበት ከየት ይመጣል?

ሶፍትቦል አንዷ ኳስ የምትወረውርበት፣ ሌላዋ በዱላ የምትመታበት ጨዋታ ነው። ወርዋሪዋ ክንዷን እንደ ወንጭፍ አዙራ ኳሱን ከታች ትለቀዋለች። ጉልበቱ ከክንድ ብቻ ይመስለናል፤ አይደለም። ማማ ላይ ቆመን ስንወነጭፍ እግርና ወገብ ካልረዱን ድንጋዩ የት ይደርሳል? ስለዚህ ተጫዋቾቹ ቁጢጥ ብለው ይነሳሉ፣ ክብደት ያነሳሉ፣ አጭር ርቀት በፍጥነት ይሮጣሉ። ከመወርወር በፊት ሰውነት ያሟሙቃሉ።

ጃፓናዊቷ ዩኪኮ ኡዌኖ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በሁለት ቀን 413 ጊዜ ወረወረች። ጃፓን አሜሪካንን 3 ለ 1 ረታች። በ2021 በቶኪዮ፣ 39 ዓመት ሞልቷት፣ ዳግም ወርቅ አገኘች። እንዲህ ያለው ድካም ግን ለጀማሪ አይሆንም። ትከሻዋን ያመማት ልጅ ኳሱን አስቀምጣ ትረፍ። እያመማት ብትወረውር ጅማቷ ይጎዳል፤ የተጎዳ ጅማት ደግሞ ቶሎ አይድንም።