መጽሐፍ አዋቂዎቹ እንደገና ተማሪ ሆኑ

ፊደል ለይተን፣ ቃል ገጣጥመን፣ ማንበብና መጻፍ ችለናል። ስማችንን እንጽፋለን። በማዳበሪያው ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እናነባለን። ታዲያ አንዳንዶቻችን «እንግዲህ ተምረናል፤ ይበቃናል» እንል ይሆናል። ሌሎቻችን ደግሞ «ከእንግዲህ ለሌላ ትምህርት ዕድሜያችን አይፈቅድም» እንላለን። ለመሆኑ ትምህርት የሚያልቅ ነገር ነው? ዕድሜስ ከመማር ይከለክላል? ለዚህ ጥያቄ መልስ እንድናገኝ ውሏቸው ከመጽሐፍ ጋር የሆነ ሰዎችን ታሪክ እንይ። እነዚህ ሰዎች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራ

ቤተ መጻሕፍት ማለት መጻሕፍት ተሰብስበው የሚቀመጡበት፣ አንባቢም ገብቶ የሚያነብበት ቤት ነው። በትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ሺህ መጻሕፍት አሉ። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱን መጽሐፍ ፈልጎ ማግኘት እንዴት ይቻላል? ገበሬ ጤፉን፣ ገብሱንና ባቄላውን ለየብቻ እንደሚያኖር ሁሉ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም መጻሕፍቱን በየዓይነታቸው ይለያቸዋል።

ሜልቪል ዱዊ የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1876 ባሳተመው ጽሑፍ ዕውቀትን በ10 ዋና ዋና ክፍሎች መድቦ ለየክፍሉ ቁጥር ሰጠ። ዛሬም በዓለም ላይ ብዙ ቤተ መጻሕፍት በዚህ አመዳደብ ይሠራሉ። ለምሳሌ የእርሻ ቁጥር 630 ነው። ይህን ቁጥር ያወቀ ሰው ወደ መደርደሪያው ሄዶ ስለ እርሻ የተጻፉትን መጻሕፍት በአንድ ቦታ ያገኛል።

ድሮ የመጻሕፍቱ ዝርዝር የሚጻፈው በትናንሽ ካርዶች ላይ ነበር። ለአንዱ መጽሐፍ በደራሲው ስም አንድ ካርድ፣ በመጽሐፉ ስም ሌላ ካርድ፣ ስለሚናገረው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ካርድ ይዘጋጃል። ካርዶቹ በመሳቢያ ውስጥ በፊደል ተራ ይደረደራሉ። ይህን ሥራ ጠንቅቆ ለማወቅ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። ያወቀው ሠራተኛ ግን ጠያቂ በመጣ ጊዜ የሚፈለገውን መጽሐፍ ፈጥኖ ያገኛል።

ካርዱ ቀረ፤ ኮምፒዩተር መጣ

ቀስ በቀስ ዝርዝሩ ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ። ኮምፒዩተር ጽሑፍን፣ ሥዕልንና ድምፅን የሚያስቀምጥ፣ ሲፈለግም የሚያወጣ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ ለብዙ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያትም የነበረው ኦሲኤልሲ የተባለ ድርጅት የመጨረሻውን ካርድ ያተመው በ2008 ዓ.ም. ነው። የመሳቢያው ዘመን እንዲህ አለቀ።

ከኮምፒዩተር ቀጥሎ ኢንተርኔት መጣ። ኢንተርኔት በዓለም ያሉ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት መረብ ነው። አንድ ሰው በአንድ አገር የጻፈውን ሌላው ሰው በሌላ አገር ወዲያውኑ ያነበዋል።

እስቲ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በሐሳባችን እንሳል። እኒህ ሴት 25 ዓመት አገልግለዋል። በመጀመሪያ ካርዱን ተማሩ። ካርዱን ጠንቅቀው ባወቁ ጊዜ ኮምፒዩተር መጣ። እሱንም ተማሩ። አሁን ደግሞ ወጣቶች እየመጡ ሌላ ጥያቄ ይጠይቋቸዋል። «ፎቶግራፌን በኢንተርኔት ለዘመዶቼ እንዴት አድርጌ ላሳይ?» ይላቸዋል አንዱ። «በየቀኑ የሚወጣውን አዲስ ጽሑፍ በአንድ ቦታ እንዴት ላግኝ?» ትላቸዋለች ሌላይቱ። እኒያ ሁሉን ያውቁ የነበሩ ሴት መልስ ያጣሉ። ያፍራሉ። ጠያቂውም ባዶ እጁን ይመለሳል። ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው እኮ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። ሰው ካልመጣ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ምን ይሠራል?

23ቱ ሥራዎች

ይህ ችግር በብዙ ቦታ ነበረ። በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርለት በምትባለው ከተማ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድ ዘዴ ፈጠረ። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 1998 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 2006 ነበር። ዘዴውን ያወጣችው በዚያው ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ሔሊን ብላወርስ የምትባል ሴት ነች።

ዘዴው ቀላል ነው። ሠራተኞቹ በ9 ሳምንት ውስጥ 23 ትናንሽ ሥራዎችን በገዛ እጃቸው እንዲሠሩ ተጠየቁ። አስተማሪ ፊታቸው አልቆመም። ፈተናም አልነበረም። መመሪያው ተጽፎ ተሰጣቸው፤ እያነበቡ መሞከር የእነሱ ፈንታ ሆነ። ሁሉንም ለፈጸመ ሰው ድምፅና ሙዚቃ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ በሽልማት ተሰጠው።

በመጀመሪያው ሳምንት የዕድሜ ልክ ተማሪ የሚሆን ሰው ምን ዓይነት ልማድ እንደሚያስፈልገው ተመለከቱ። በሁለተኛው እያንዳንዱ በኢንተርኔት ላይ የራሱን ማስታወሻ ደብተር ከፈተ። በየጊዜው የሞከረውን፣ የተሳካለትንና እምቢ ያለውን እዚያ ላይ ይጽፋል። ስሙን መግለጥ ያፈረ ሰው በሌላ ስም መጻፍ ይችል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ፎቶግራፍ ማስቀመጥንና ማሳየትን ተማሩ። በአራተኛው ከብዙ ቦታ የሚወጣ አዲስ ጽሑፍ በአንድ ቦታ እንዲሰበሰብላቸው ማድረግን ለመዱ። አምስተኛው ሳምንት የጨዋታ ሳምንት ነበር። አዋቂ ሰው እንደ ልጅ እየነካካ፣ እየሳቀ ተማረ።

በሰባተኛው ሳምንት ደግሞ ብዙ ሰዎች ተጋግዘው የሚጽፉት ጽሑፍ እንዴት እንደሚሠራ አዩ። ከእነዚህ ጽሑፎች ታዋቂው ዊኪፔዲያ ነው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል፣ ሦስተኛው ይጨምራል። ነገሩ ደቦ ማለት ነው። ዊኪፔዲያ በአማርኛም አለ። በመጨረሻው ሳምንት ድምፅና ተንቀሳቃሽ ሥዕል በኢንተርኔት መፈለግን ተማሩና 23ቱን ጨረሱ።

በሐሳባችን ወደ ሣልናቸው ሴት እንመለስ። በመጀመሪያው ቀን እጃቸው ተንቀጠቀጠ። የምስጢር ቃላቸውን ረሱ። ግማሽ ገጽ ከጻፉ በኋላ ጽሑፉ ጠፋባቸው። «ይኸ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብለው ሊተዉት ፈለጉ። ግን በዕድሜ የምታንሳቸውን የሥራ ባልደረባ ጠየቁ። እሷም አሳየቻቸው። በማግሥቱ ያንኑ ነገር ብቻቸውን ሠሩት። ሳምንት ቆይቶ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ለሌላ ሠራተኛ አሳዩ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የተባለው ለዚህ ነው።

የሻርለት ሥራ ወደ ሌላም አገር ተዛመተ። በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን አካባቢ ያለ ቤተ መጻሕፍት ተቀበለው። በ2002 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዩኒቨርስቲዎች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችም በዚሁ ዘዴ ተማሩ። እነዚህ ሰዎች ስመ ጥር በሆነ የትምህርት ቦታ የሚሠሩ ናቸው። ቢሆንም እንደ ጀማሪ ከአንድ ብለው መቁጠርን አልናቁም።

መሣሪያው ቀረ፤ ትምህርቱ አልቀረም

አሁን ልብ እንበል። በዚያን ጊዜ ከነበሩት የኢንተርኔት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ለምሳሌ ጉግል ሪደር የሚባለው አዲስ ጽሑፍ መሰብሰቢያ በ2005 ዓ.ም. ተዘጋ። ታዲያ የተማሩት በከንቱ ደከሙ ማለት ነው? አይደለም። ማረሻ ይዶለዱማል፤ ያልቃልም። ማረስ የሚያውቅ ገበሬ ግን ሌላ ማረሻ ተክሎ ያርሳል። ሠራተኞቹም የአንዱን መሣሪያ ስም ብቻ አልነበረም የተማሩት። ሳይፈሩ መሞከርን፣ ሲሳሳቱ ማረምን፣ ያላወቁትን መጠየቅን፣ ያወቁትንም ማካፈልን ተምረዋል። ይህ አይዘጋም፤ አያረጅም።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

አዲስ መሣሪያ ወደ እኛም ደርሷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን በስልክ ገንዘብ መላኪያና መቀበያ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መቀበል ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። ማንበብ የማይችል ሰው የመጣለትን መልእክት ለማወቅ ስልኩን ለሌላ ሰው ይሰጣል። የምስጢር ቁጥሩንም ይነግራል። የእህሉ ዋጋ ስንት እንደገባለት፣ ስንት እንደወጣበት የሚያውቀው በሰው አፍ ነው። ሰውየው ቅን ከሆነ ደግ፤ ካልሆነስ? ማንበብ የቻለ ሰው ግን መልእክቱን ራሱ ያነባል። ቁጥሩን ራሱ ይጽፋል። የምስጢር ቁጥሩን ለማንም አይነግርም። «ከድርጅቱ ነው የምንደውለው፤ ቁጥርህን ንገረን» የሚል ቢደውልለትም አይሰጥም።

ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቹ ሦስት ነገር እንውሰድ። አንደኛ፣ በገዛ እጃችን እንሞክር። ሌላው ሲሠራ አይቶ ብቻ መልመድ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ከልጆቻችንም ቢሆን እንጠይቅ። ከልጅ መማር ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ ያወቅነውን ለጎረቤታችን እናሳይ። ያስተማረ ሰው የራሱን ትምህርት ያጠነክራል።

ፊደልም እንደ ማሳ ነው። ካልተሠራበት አረም ይውጠዋል። በየቀኑ ጥቂት እናንብብ፤ ጥቂትም እንጻፍ። በዕድሜ መካከል ፊደል መማር የጀመርነው እኛ አዲስ ነገር መጀመር ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። እንደሚቻልም እናውቃለን።

ጥያቄዎች

1. ድሮ ለአንድ መጽሐፍ ስንት ዓይነት ካርድ ይዘጋጅ ነበር? ለምን?
2. የሻርለት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በ9 ሳምንት ውስጥ ስንት ሥራዎችን ሠሩ? እንዴትስ ተማሩ?
3. መሣሪያው ከተዘጋ በኋላ ለሠራተኞቹ ምን ቀረላቸው?
4. የስልክን የምስጢር ቁጥር ለሌላ ሰው መንገር ምን ጉዳት ያመጣል? ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።
5. በዚህ ሳምንት ያወቃችሁትን አንድ አዲስ ነገር በደብተራችሁ ላይ በአምስት መስመር ጻፉ።