«ኦ ፔር» ማለት ምን ማለት ነው?
በፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ አድሮ ቋንቋ የሚማር ወጣት «ኦ ፔር» ይባላል፤ «በእኩልነት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. በስትራስቡርግ የተፈረመው የአውሮፓ ስምምነት ተማሪም ሠራተኛም አይለውም፤ የሁለቱንም ጠባይ የያዘ ነውና። የቤት ሥራው በቀን ከ5 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እንዲያርፍ፣ ከዚያም በወር ቢያንስ አንዱ እሑድ እንዲሆን፣ ለአምልኮም ነጻነት እንዲኖረው ይደነግጋል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

በማዕድ ግን ውል ብቻውን አይበቃም። ፈረንሳዮች እራት ላይ መጨዋወት ይወዳሉ። የእኛ ልጅ በጨዋነት አንገቱን ደፍቶ ዝም ቢል፣ አክብሮቱ ቅሬታ ወይም ኩራት ሊመስላቸው ይችላል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ተጓዡን ስናዘጋጅ ይህን አስቀድመን እንንገረው፤ በደረሰበትም ሳምንት የቅርቡን ቁምስና የቅዳሴ ሰዓት ቤተሰቡን እንዲጠይቅ እናሳስበው።