ርካሽ እጅ ፍለጋ የሚጓዝ ሥራ
(የአመዛዛኝ ድርሰት አጻጻፍ)

ሀ. መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች ስለ ተራኪና ስለ ገላጭ ድርሰት ተምራችኋል። ተራኪ ድርሰት የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል ይተርካል፤ ገላጭ ድርሰት ደግሞ አንድ ነገር ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። አሁን የምትማሩት አመዛዛኝ ድርሰት ከሁለቱም ይለያል። በዚህ ዐይነት ድርሰት ጸሐፊው አንድን አከራካሪ ጉዳይ ያነሣል፤ የደጋፊዎችንና የተቃዋሚዎችን ምክንያት በሚዛን ሁለት ወገን ያስቀምጣል፤ በመጨረሻም ክብደቱ ወደ የትኛው እንዳደላ ይፈርዳል። ሚዛኑ እውነተኛ የሚሆነው ጸሐፊው የማይስማማበትን ወገን ምክንያት ሳያሳንስ ሲያቀርብ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም የድጋፉ ሐሳብ የት እንዳለቀና የተቃውሞው ሐሳብ የት እንደ ጀመረ ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

በአሜሪካ መደብር የሚሸጥ ሸሚዝ የተሰፋው በሐዋሳ ሊሆን ይችላል። ንድፉ በአንድ አገር ይወጣል፤ ጨርቁ ከሌላ አገር ይመጣል፤ ስፌቱ ደግሞ በሦስተኛ አገር ይከናወናል። የኮምፒዩተር ሥራም እንዲሁ ነው። አንድ የአውሮፓ ነጋዴ የሚገለገልበትን ድረ ገጽ በሕንድ አገር በባንጋሎር ከተማ የተቀመጠ ባለሙያ ሊሠራው ይችላል። የሁለቱም ዋና ምክንያት አንድ ነው፤ አሠሪው ያንኑ ሥራ ባነሰ ዋጋ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል።

ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ይገኙ የነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከጊዜ በኋላ ደመወዝ ወደሚያንስባቸው ደቡባዊ ግዛቶች ሄዱ። የልብስ ስፌት ሥራም ወደ ጃፓን፣ ወደ ሆንግ ኮንግና ወደ ደቡብ ኮሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ቻይናና ወደ ባንግላዴሽ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ከደረሰባቸው ስፍራዎች አንዱ ሐዋሳ ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ነው። በቻይና ኩባንያ የተገነቡት 52 ሼዶች በሙሉ ሥራ ሲጀምሩ እስከ 60,000 ለሚደርሱ ሠራተኞች የሥራ ዕድል ይከፍታሉ ተብሎ ታቅዶ ነበር። በፓርኩ ከገቡት ድርጅቶች መካከል ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት የልብስ ምልክቶች ባለቤት የሆነው ፒቪኤች የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበረበት።

የዚህ አሠራር ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ በፓርኩ ሥራ አግኝተዋል። ለብዙዎቹ ይህ በገዛ እጃቸው የተቀበሉት የመጀመሪያ ደመወዝ ነበር። ከደመወዙም በላይ የመኪና ስፌትን፣ የጥራት ቁጥጥርንና የፋብሪካን ሥርዐት ተምረዋል። ደቡብ ኮሪያም በልብስና በሰው ሠራሽ ጠጉር ንግድ ጀምራ ወደ መርከብና ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሥራ ተሸጋግራለች። ስለዚህ፣ ይላሉ ደጋፊዎች፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ነው።

ተቃዋሚዎች ግን ሌላውን ወገን ያሳያሉ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሰብዓዊ መብት ማእከል በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መሠረት የፓርኩ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በዚያው ጊዜ የባንግላዴሽ ዝቅተኛ ደመወዝ 95 ዶላር ነበር። ከዚህ ገንዘብ ላይ የቤት ኪራይና ምግብ ሲቀነስ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። በመሆኑም ብዙዎች ሥራውን እየለቀቁ ሄዱ። በየጊዜው የሚለዋወጥ ሠራተኛ ደግሞ ሙያውን አያዳብርም፤ ሙያ ያላዳበረም ወደ መሰላሉ ሁለተኛ እርከን አይወጣም።

ከዚህም የባሰው የሥራው ዕጣ የሚወሰነው በሩቅ መሆኑ ነው። ኩባንያዎቹን ወደ ሐዋሳ ከሳቧቸው ነገሮች አንዱ አጎአ ነበር፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ይፈቅድ የነበረ የአሜሪካ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ተከትሎ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ዕድል አገደ። ፒቪኤችም እገዳው ከመጽናቱ ቀደም ብሎ በኅዳር ወር የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከስፌት መኪናዋ ፊት የተቀመጠችው ሠራተኛ በሥራዋ አልሰነፈችም፤ ሆኖም ሥራዋን አጣች። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» መባሉ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ ወዴት ያደላል? ሥራው መምጣቱ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ የሠራተኞቹን ድካም መናቅ ይሆናል። ነገር ግን በርካሽነት የመጣ ሥራ ሌላ ርካሽ ስፍራ ሲገኝ ይሄዳል። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሥራማ ወደብም መጋዘንም ስለማያሻው፣ አመጣጡም አካሄዱም ከስፌት ይልቅ ፈጣን ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ሥራው ይምጣ ወይስ አይምጣ?» የሚል አይደለም፤ «ሥራው ሲሄድ በእጃችን ምን ይቀራል?» የሚል ነው። ደመወዝ ያልቃል፤ የሚቀረው ሙያ ነው። አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ሶፊያ ለተባለችው ሮቦት በተሠራው ሶፍትዌር ውስጥ ድርሻ ነበረው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ርካሽ መሆን ብቻ አይበቃም። አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ ለማስተማር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረው መርሐ ግብርም ፍሬው የሚለካው በሚሰጠው ምስክር ወረቀት ብዛት ሳይሆን፣ ወጣቱ የሌላውን ንድፍ ከመከተል አልፎ የራሱን ንድፍ ለማውጣት በመቻሉ ነው።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ

በአመዛዛኝ ድርሰት ውስጥ መስተጻምሮች ሐሳብን ከሐሳብ ከማያያዝ በላይ ፍርድን ያመለክታሉ። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

1. ምንም እንኳ ደመወዙ ቢያንስም፣ ሥራው ለብዙዎች የመጀመሪያ ገቢ ነበር።
2. ምንም እንኳ ሥራው ለብዙዎች የመጀመሪያ ገቢ ቢሆንም፣ ደመወዙ ያነሰ ነበር።

በሁለቱም ውስጥ ያለው እውነት አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን የተለያየ ነው። «ምንም እንኳ … ቢ…ም» የሚለውን የያዘው ጥገኛ ሐረግ ጸሐፊው የሚቀበለውን፣ ነገር ግን የማያተኩርበትን ሐሳብ ይይዛል፤ ዋናው ሐረግ ደግሞ የሚፈርድበትን ሐሳብ ይሸከማል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛውን ሐሳብ በመጨረሻ እንደምታስቀምጡ ወስኑ።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ተቃራኒ ሐሳብን የሚያመለክቱ ሦስት ቃላትና ውጤትን የሚያመለክቱ ሁለት ቃላት አውጡ፤ በእያንዳንዳቸውም የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
2. ደጋፊዎች የደቡብ ኮሪያን ምሳሌ ያነሡት ለምንድን ነው? ተቃዋሚዎች ስለ ሠራተኛ መለዋወጥ የተናገሩት ይህን ምሳሌ የሚያዳክመው እንዴት ነው?
3. በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። የዝቅተኛ ደመወዝ መወሰን ሥራን ያጸናል ወይስ ያሸሻል? የሁለቱንም ወገን ምክንያት በአንድ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።
4. «በኮምፒዩተር ሙያ የተመረቀ የሐዋሳ ወጣት ለውጭ አገር አሠሪ በርካሽ ዋጋ መሥራት ይገባዋልን?» በሚል ርእስ አምስት አንቀጽ ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ። በሦስተኛው አንቀጽ የማትስማሙበትን ሐሳብ የያዘው ሰው ራሱ ቢያነበው «አዎን፣ ያልሁት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ በታማኝነት አቅርቡ።