ጊዜህ የማን አማና ነው?



ከዋግ ኽምራዋ ኒሯቅ ተነስቶ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሙስሊም ተማሪ ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ እስቲ እናስብ። በ2013 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ ከአበርገሌ ወረዳ ብዙ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ተፈናቅሏል፤ ትምህርትም ተቋርጧል። አበርገሌ በስሟ የሚጠራ የፍየል ዝርያ ያላት አገር ናትና ለልጁ መሳፈሪያና ልብስ የተሸጠው ፍየል ሊሆን ይችላል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደነበሩም አንዘነጋም። ታዲያ ይህን ሁሉ አልፎ ግቢ የገባ ተማሪ፣ ጊዜው የራሱ ብቻ ነውን? አይደለም፤ አማና ነው።

የዚህ አማና ሌቦች ሦስት ናቸው። አንደኛው ስልክ ነው፤ «ለአምስት ደቂቃ» ተብሎ የተከፈተ ቲክቶክ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለውን ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው ማለቂያ የሌለው የዶርም ወሬ ነው። ሦስተኛውን መናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ በዲን ስም የሚመጣው ነውና። እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቅ ክርክር፣ በቴሌግራም ሲቀባበሉት የሚያድሩት የዱዓቶች መዘላለፍ፣ «ለዲን ነው» እየተባለ ስንቱን ከትምህርቱ አዘናግቷል! ደዕዋና ጀመዓ ይቅር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ትምህርቱን ጥሎ ከግቢ የተባረረ ወንድም ዲኑንም ወላጆቹንም አልጠቀመም።

መድኃኒቱስ? ሩቅ አይደለም፤ በቀን አምስት ጊዜ የምንቆምበት ሶላት ነው። መስጊድ ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን፣ ስልካችንን እንዘጋለን፣ ልባችንን ወደ አንድ አቅጣጫ እንመልሳለን። ለጥናትም እንዲሁ እናድርግ። ከሱብሒ በኋላ አእምሮ ሳይደክም ከባዱን ትምህርት መያዝ፣ ከዐስር በኋላ የዕለቱን ትምህርት መከለስ፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ አንድ ርዕስ ብቻ ማንበብ፣ ከዚያም ሱብሒ እንዳያመልጥ በጊዜ መተኛት። ስልኩ በዚህ ሁሉ ጊዜ ተዘግቶ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ። በኽምጣንጋ አፉን የፈታ ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሃንዳውት ሁለትና ሦስት ጊዜ ማንበብ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ደግሞ በፈተና ዋዜማ በአንድ ሌሊት አይሞላም።

በወሎ ምድር በዳናና በጀማ ንጉሥ የቀሩ ደረሶችን እናስታውስ። ከቀዬአቸው ርቀው፣ ችግር ችለው፣ ከሸይኻቸው ፊት ተቀምጠው ኪታባቸውን ቀርተዋል። እነሱን ለዒልም ያበቃቸው ምቾት ሳይሆን ጽናት ነው።

ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ የወረደው ቃል የማንበብ ትእዛዝ እንደነበር የማያውቅ ሙስሊም የለም። እንግዲያው ወንድሜ፣ እህቴ፣ ኒያችንን አስተካክለን መጽሐፉን እንክፈት። በኒሯቅም ሆነ በሰቆጣ መጠለያ ሆና ዱዓ የምታደርግ እናት ውጤቱን ትጠብቃለች፤ ስለ ዕድሜያችን ጠያቂው ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) ነው።

ወላሁ አዕለም።