«ፋይልሽ እኔ እጅ ላይ ነው» ለሚልሽ ሰው

ልጄ፣ አጠና ተራ ላይ ሱቅሽን ከከፈትሽ ወዲህ ስለ ዱቤ አያያዝ፣ ስለ ሱቅ ኪራይ፣ ስለ መርካቶ አከፋፋዮች የሚመክርሽ ሰው አላጣሽም። እኔ የምመክርሽ ስለ አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው። ደዋዩ ረጋ ባለ ድምፅ «ከገቢዎች ነው የምደውለው» ይልሻል። ስምሽን ከነአባትሽ ይጠራል። ኦዲት ተደርጎ ውዝፍ ግብር እንደተገኘብሽ፣ ሱቅሽ ሊታሸግ እንደሆነ፣ ደግነቱ ግን ፋይልሽ እሱ እጅ ላይ እንደሆነ ይነግርሻል። እኔ ዕድሜዬን በንግድ ያሳለፍኩት እዚሁ ኮልፌ ነው። በዚህ ዓይነት ጥሪ ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ድንጋጤ የያዛቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሳትደነግጪ በፊት ይህን አንብቢ።

1. ስምሽንና ቁጥርሽን ስላወቀ አትመኚው።

አሥር አኃዝ ያለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን (ቲን) አንድ በአንድ ያነብልሻል። አንቺም በልብሽ «ይህን ከቢሮው ሰው በቀር ማን ያውቀዋል?» ትያለሽ። ሁሉም ያውቀዋል። ከካሽ ሬጅስተርሽ በሚወጣው ደረሰኝ ሁሉ ላይ የንግድ ስምሽ፣ ቲን ነምበርሽና አድራሻሽ ታትሟል፤ ግማሽ ኪሎ ምስማር የገዛ ሰው ኪሱ ከትቶት ይሄዳል። ንግድ ፈቃድሽን የምትሰቅዪው ሰው እንዲያየው ነው። ስልክሽ በሩ ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ በ0911 መጀመሩም የድሮና የታመነ ሰው ነው አያሰኘውም፤ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣ አንቺ አታዪም። ትሩኮለር «ገቢዎች ቢሮ» ብሎ ቢያወጣውም እንዲሁ ነው፤ ስሙን እዚያ ላይ የሚያስገቡት ሰዎች ናቸው። ቴሌግራም ላይ የቢሮውን ዓርማ ለጥፎ ቢጽፍልሽ ደግሞ ምስል መለጠፍ ለማንም አይከብድም።

2. ፍርሃትሽ ከየት እንደመጣ እወቂ።

ፍርሃቱ እውነተኛ ስለሆነ ነው ሌባው የሚጠቀምበት። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ ገና ልጅ ነበርሽ። ደረጃ «ሐ» ይባሉ የነበሩት ትንንሽ ነጋዴዎች የተገመተባቸውን ሰምተው እንቅልፍ ያጡበት፣ አቤቱታ ለማስገባት የተሰለፉበት ጊዜ ነበር። ኅዳር 2017 ላይ ደግሞ መርካቶ ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ፤ ወሬው ከመርካቶ እኛ ጋ ለመድረስ አንድ ታክሲ ነው የሚፈጅበት። በ2015 የጣሪያና ግድግዳ ግብር ጨመረ፤ የቤት ባለቤቶችም ከእኛ ጋር መደናገጥ ጀመሩ። ሐምሌ 2017 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት የገቢ ግብር አዋጁን አሻሻለው። እንዲህ ያለ ለውጥ በመጣ ቁጥር ለጥቂት ወራት አብዛኛው ሰው ምን እንደሚመለከተው በውል አያውቅም። ደዋዩ የሚፈልገው ይህንን ጊዜ ነው። አዲስ ሕግ ወጣ የሚል ነገር ስትሰሚ ለወሬ ጆሮሽን ከመስጠትሽ በፊት ሒሳብ ሠሪሽን ወይም ቅርንጫፉን ጠይቂ፤ ያወቀ ሰው በስልክ አይናወጥም።

3. ማስፈራራቱ መግቢያ ነው፤ የሚሸጥልሽ ቅናሹን ነው።

ከምነግርሽ ሁሉ ይህን አጥብቀሽ ያዢ። ደዋዩ መጀመሪያ ትልቅ ቁጥር ይጠራል፤ በእውነት ቢመጣብሽ ሱቁን ከነዕቃው የሚውጥ ዓይነት ነው። ዝም ትያለሽ። እሱም ዝም ይላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «እህቴ፣ እኔም ቤተሰብ አለኝ፤ ሰው ሲጎዳ አልወድም» ይላል። ፋይሉ ወደ ኃላፊው ሳይመራ ሊያስተካክለው እንደሚችል ይነግርሻል። ለዚያ የሚጠይቅሽ ከጠራው አንድ አሥረኛው ነው። በዚያች ደቂቃ ሰውዬው አስፈራሪሽ መሆኑ ቀርቶ አዳኝሽ ይሆናል። ስትልኪለት ታመሰግኚዋለሽ።

አየሽ፣ ሰው በዚህ የሚያዘው ውሸቱን ስላመነ ብቻ አይደለም። «በሰው በኩል ይጨርሱታል» የሚለው ልማዳችን ከውሸቱ በፊት ልባችን ውስጥ ተቀምጧል። እውነተኛ ሠራተኛም ቢሆን ያን ይጠይቃል ብለን ስለምናስብ ጥያቄው እንግዳ አይሆንብንም። ገንዘቡ ከሄደ በኋላ አፋችንን የሚዘጋውም ይኸው ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ተታለልኩ» ለማለት «ለምን ብለህ ላክህ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ መልሱ ደግሞ «ጉቦ መስሎኝ» ነው። ሌባው ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል። የሚዘርፈው ገንዘባችንን ነው፤ የሚሸሸግበት ግን ኀፍረታችን ነው።

መድኃኒቱ ደረሰኝሽንና መዝገብሽን በየቀኑ ማስተካከል ነው። ለሸጥሽው ደረሰኝ የቆረጥሽ፣ የገዛሽበትን ደረሰኝ ያስቀመጥሽ እንደሆነ «ውዝፍ አለብሽ» ሲልሽ ከቅናሹ ይልቅ ሒሳቡ ያሳስብሻል። ዕዳ ካለም በሕጉ መንገድ ትከፍዪዋለሽ።

4. ገቢዎች ዕዳን በወረቀት ያሳውቃል።

የቢሮ ሠራተኛ ፈጽሞ አይደውልም አልልሽም። «መጥተሽ ደብዳቤ ውሰጂ»፣ «ያስገባሽው ሰነድ ጎድሏል» ብሎ ሊደውል ይችላል። ግብር መወሰን ግን ሌላ ነገር ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ውሳኔው በጽሑፍ እንዲደርስሽ ያዛል፤ ካልተስማማሽም በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታሽን በጽሑፍ ማቅረብ ትችያለሽ። ቅሬታሽ ካልተሰማ ለታክስ ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን ይግባኝ አለሽ። ሱቅ ለጊዜው ማሸግም የሚጀምረው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። እንግዲህ ሕጉ ሃያ አንድ ቀን የሰጠሽን ሴት «ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ካልላክሽ» የሚላት ሰው ከየት መጣ? ጥድፊያው ብቻውን ይበቃሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት ለዚህ ጊዜ ነው።

5. ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባ እዪ።

ግብር በባንክም በቴሌብርም ይከፈላል፤ ቴሌብር ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ነጋዴ ከወረፋ ተገላግሏል። የመንግሥት ግብር ግን የሚገባው ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ በአንቺ መለያ ወይም በክፍያ ማዘዣ ቁጥር ይመዘገባል፣ ደረሰኝም አለው። ለግለሰብ ስትልኪ ስልኩ የሚስጥር ቁጥርሽን ከማስገባትሽ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳይሻል። እዚያ ላይ የሰው ስም ካየሽ እጅሽን አንሺ። «የኃላፊው ሒሳብ ነው»፣ «የካሸሯ ነው»፣ «ሲስተም ስለተበላሸ ነው» ይልሻል። መንግሥት ግብሩን በካሸር የግል ሒሳብ አይሰበስብም።

6. ኮድ አትንገሪ።

በመልእክት የመጣልሽን ቁጥር፣ የባንክም ይሁን የፋይዳ፣ ለማንም አታንብቢ። ኮከብና መሰላል ያለበት ኮድ «ነክተሽ ደውዪ» ቢልሽም አትንኪ፤ ጥሪዎችሽን ወደ ራሱ ስልክ ሊያዞር ይችላል። የላከልሽን ሊንክም አትክፈቺ።

7. አትከራከሪ፤ ዝጊና በእግርሽ ሂጂ።

ደዋዩ ይህን ማስፈራሪያ ሲናገር ይውላል፤ አንቺ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምትሰሚው። በክርክር አታሸንፊውም። የምትዪው ይህን ብቻ ነው፦ «ስምዎንና የሥራ ክፍልዎን ይንገሩኝ፤ ቢሮ መጥቼ አነጋግርዎታለሁ።» እውነተኛ ሠራተኛ ደስ ይለዋል። ሌባው ይቆጣል፣ ወይም «ከመጣሽማ ነገሩ ከእጄ ወጣ» ይልሻል። ያኔ ዝጊው። በራሱ ቁጥር መልሰሽ አትደውዪ። ሒሳብ ሠሪሽን ጠይቂ፤ ከዚያ ፋይልሽ ወዳለበት ቅርንጫፍ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ ሂጂና «ዕዳ አለብኝ ወይ?» በዪ። ከአጠና ተራም ተነሺ፣ ከቤቴልም፣ ከዓለም ባንክም፣ ከካራ ቆሬም፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሱቅ ለግማሽ ቀን መዝጋት ያበሳጫል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ሂጂ።

እዚያ ቢሮ ውስጥ በእውነት የሚሠራ ሰው «በሰው በኩል ላስጨርስልሽ» ካለሽም ነገሩ አይለወጥም። ለቅርንጫፉ ኃላፊ፣ ካልሆነም ለከተማው ፀረ ሙስና ኮሚሽን ተናገሪ።

8. ይህ የእኛ ሰፈር ብቻ ችግር አይደለም።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶችሽን ብትጠይቂ «አይአርኤስ ነን» እያለ ስለሚደውለው ሰው ይነግሩሻል። አይአርኤስ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ነው። መስከረም 2009 ላይ የሕንድ ፖሊስ ሙምባይ አጠገብ ታኔ በተባለ ቦታ የጥሪ ማዕከሎችን ወርሮ ከ700 በላይ ሰዎችን ለምርመራ ያዘ። ወጣቶች በወር ደመወዝ ተቀጥረው፣ የተጻፈ ንግግር እየተሰጣቸው፣ ሌሊት ሌሊት ወደ አሜሪካ ይደውሉ ነበር። «ግብር አለብህ፤ አሁን ካልከፈልክ ፖሊስ መንገድ ላይ ነው» ይላሉ፤ ስደተኛ ሲያገኙ ደግሞ «ከአገር ትባረራለህ» ይጨምራሉ። ክፍያውን በሱቅ የስጦታ ካርድ ይቀበሉ ነበር። ሐምሌ 2010 ላይ አሜሪካ ውስጥ የዚሁ ዓይነት መረብ አባላት የነበሩ 21 ሰዎች ተፈርዶባቸዋል፤ ከባዱ ቅጣት 20 ዓመት ነው። ይህን የማነሳልሽ በተለይ ለአንድ ነገር ነው። የተታለሉት ሰዎች በየቤታቸው ዝም ብለው ቢቀሩ ኖሮ መርማሪ አንዱን ጥሪ ከሌላው ጋር የሚያገናኝበት ክር አይኖረውም ነበር።

9. ልከሽ ከሆነ፣ ሰዓቱ አልረፈደም።

አልቅሰሽ አትቀመጪ። መጀመሪያ ገንዘቡ የወጣበት ጋ ደውዪ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127። «ተታልዬ ልኬያለሁ፤ የተቀባዩ ሒሳብ ይታገድልኝ» በዪ፤ የዝውውሩን ቁጥር (ንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን) ንገሪያቸው። ሌባው ገንዘቡን ፈጥኖ ነው የሚያወጣው፤ አንቺም ከእሱ መፍጠን አለብሽ። ወዲያው በአካል ቅርንጫፉ ሄደሽ ማመልከቻ አስገቢ። ሚስጥር ቁጥርሽን ቀይሪ።

የጥሪውን መዝገብ፣ መልእክቱን፣ የዝውውሩን ማረጋገጫ አታጥፊ። ስክሪንሾት አንሺና ለታመነ ሰው ላኪ፤ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ይቀመጣል። የተደወለበትን ሰዓትና የተናገረውን ትዝታሽ ሳይደበዝዝ በወረቀት ጻፊ።

10. ለፖሊስ ተናገሪ፤ ያልላክሽም ቢሆን።

በአቅራቢያሽ ያለው ጣቢያ ሂጂ። የአዲስ አበባ ፖሊስ ነፃ መስመር 991፣ የፌዴራል ፖሊስ 987 ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ደግሞ በ933 ጥቆማ ይቀበላል። የቴሌኮም ድርጅቱ የሲም ካርዱን ባለቤት ለአንቺ አይነግርሽም፤ መርማሪ በሕግ ሲጠይቀው ነው የሚሰጠው። ለዚህ ነው አቤቱታሽ በጽሑፍ መግባት ያለበት። በወንጀል ሕጉ ማታለል በአንቀጽ 692 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው፤ በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ተደንግጓል። ስለዚህ «የስልክ ወሬ ነው፤ ምን እናድርግልሽ» የሚልሽ ካገኘሽ አትመለሺ። የሚቀበልሽን ኃላፊ በትሕትና ጠይቂ።

ጣቢያው ውስጥ «ለምን ላክሽ?» ሲሉሽ እውነቱን ተናገሪ። «ቅጣቱን ይቀንስልኛል ብዬ» ማለት ያሳፍራል። ግን ያን ቃል ካልተናገርሽ የሌባው ዘዴ በመዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ነገ የቤቴሏ ልጅ በዚያው ቃል ትያዛለች። ኀፍረቱን ተሸክመሽው ግቢ፤ በር ላይ ግን እንዳይመልስሽ።

ከፖሊስ በኋላ ለገቢዎች ቅርንጫፍም ንገሪ፤ ስማቸው ነው የተነገደበት። ቀጥለሽ ለጎረቤት ሱቆች፣ ለዕድር፣ ለዕቁብ። እኛ ሰፈር ያለ ነጋዴ ማስታወቂያ ከሚያነብ ይልቅ ዕቁብ ላይ የሰማውን ያምናል። ሱቅ ላይ የምታስቀምጪውን ልጅና እናትሽንም አትርሺ፤ አንቺ ሳትኖሪ ስልኩን የሚያነሱት እነሱ ናቸው።

አቤቱታሽን ስታስገቢ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ተቀብለሽ ውጪ። በየሁለት ሳምንቱ እየሄድሽ «መዝገቤ የት ደረሰ?» በዪ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ጥሪኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።